ሲሮጡ የታጠቁት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። በትምህርት ቤት ሳለሁም ስለ ጥድፊያ ጉዳት ድርሰት ጻፉ በተባልን ቁጥር መክፈቻ የማደርገው እርሱኑ ነበር። መምህራችንም ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ «ተረቱ ጥሩ ነው፤ ምሳሌ ስጥበት» ብለው ይጽፉልኝ ነበር። ምሳሌውን ለማግኘት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። ያገኘሁትም ከመጽሐፍ ሳይሆን በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ጫማ በሚውጥ ጭቃ ውስጥ፣ ከአንድ የልብ ወዳጄ ጋር ስሮጥ ነው። ለመምህሬ የቀረብኝን ዕዳ እነሆ ዛሬ በዚህ ጽሑፍ እከፍላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ በታላቁ ሩጫ ለመካፈል ተመዘገብን። አንባቢ እንደሚያውቀው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. ኅዳር ወር በአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጠንሳሽነት የተጀመረ የ10 ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ያሸነፈውም ራሱ ኃይሌ ነበር። በዚህ ሩጫ ላይ ስመ ጥሩው አትሌትና ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልከው የቢሮ ሠራተኛ አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው በአንድ ጎዳና ላይ ይሮጣሉ። እርግጥ ነው፣ አትሌቱ ጨርሶ ሲታጠብ የቢሮው ሠራተኛ ገና ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ነው። ቢሆንም «እኔም ሮጫለሁ» ለማለት የሚከለክለው የለም።

ባልደረባዬ ስሙ በጋዜጣ ሲወጣ ስለማይወድ «ወዳጄ» እያልሁ እቀጥላለሁ። ወዳጅነታችን የተጀመረው በዩኒቨርሲቲ ነው። አራት ዓመት በአንድ የመኝታ ክፍል ኖረናል፤ አንድ ሳሙና ለሁለት ቆርጠናል፤ ፈተና በደረሰ ጊዜም በአንድ ደብተር ተራ እየገባን አጥንተናል። ከተመረቅን በኋላ ደግሞ ዕጣችን በአንድ መሥሪያ ቤት፣ በአንድ ፎቅ ላይ አደረገን።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ መንገዱ ደረቅ ነው። ጭቃው የመጣው ከሩጫው ሁለት ወር አስቀድሞ በመሥሪያ ቤታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ወረቀት በተለጠፈ ጊዜ ነበር። ወረቀቱ የአንድ ክፍል ኃላፊነት ቦታ ክፍት መሆኑን ገልጦ ችሎታው ያላቸው ሠራተኞች እንዲያመለክቱ ይጋብዛል። እኔ አመለከትሁ፤ እርሱም አመለከተ። ነገር ግን አንዳችን ለሌላው አልተናገርንም። እኔ የእርሱን ማመልከቻ ያየሁት መዝገብ ቤት ለሌላ ጉዳይ ገብቼ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነው። እርሱ የእኔን በምን እንዳወቀ እስከ ዛሬ ድረስ አልጠየቅሁትም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በመካከላችን አንድ ቀጭን ነገር ገባ። ጠብ አይባልም፤ ጠብ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ይገባበት ነበር። ሰላምታችን እንደ ወትሮው ነው፤ ምሳ አብረን እንበላለን፤ ሒሳቡን ለመክፈልም እንጋፋለን። ዳሩ ግን ስለ ሥራ ማውራት ተውን። ለሁለታችን የሚያሳስበን ነገር አንድ ሆኖ ሳለ ስለ እርሱ ብቻ አናነሣም። ያልተነገረ ነገር ደግሞ መውጫ ፈላጊ ነውና ከአፋችን ቢከለከል ወደ እግራችን ወረደ። ለጤናና ለጨዋታ ብለን የጀመርነው ሩጫ ፉክክር ሆነ። እኔ ከሥራ ስወጣ «ጉዳይ አለኝ» እያልሁ ብቻዬን በሠፈሬ ሜዳ እሮጥ ጀመር። ዓላማዬም ከ10 ኪሎ ሜትሩ ላይ ወዳጄን በአንዲት ሴኮንድ እንኳ መቅደም ነበር። የክፍል ኃላፊው ቦታ የሚሰጠው በመስቀል አደባባይ ላይ ይመስል!

ከውድድሩ በፊት የነበረው የመጨረሻው እሑድ ደረሰ። ለዚያ ቀን የተስማማነው ቀላል ሩጫ ለመሮጥ ነበር። ምክንያቱም አሠልጣኞች ሁሉ እንደሚመክሩት ሰውነት ከከባድ ልምምድ ጥቅሙን የሚያገኘው ሲደክም ሳይሆን ካረፈ በኋላ ነው። ለዚህም ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ያህል ያስፈልገዋል። ስለዚህ ውድድሩ ሰባት ቀን ሲቀረው ተራራ ላይ እንደ ፈረስ የሚጋልብ ሰው ለውድድሩ የሚያተርፈው ድካሙን ብቻ ነው። በመጨረሻው ሳምንት የሚፈለገው ልምምዱን ማሳነስ፣ እንቅልፍ መጥገብና እግርን ማፍታታት ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ እርሱም ያውቃል። ማወቅና ማድረግ ግን በአንድ ቤት አያድሩም።

በዚያ ሳምንት ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለ። ኅዳር የመኸር ወር ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ ገበሬው ጤፉን የሚያጭድበትና የሚከምርበት ጊዜ ነው። ለከተሜው ግን ዝናብ ማለት ጃንጥላ ማለት ብቻ ነው። ቅዳሜ ማታ ወዳጄ ስልክ ደወለልኝ።

«አባቴን አሁን አነጋገርኋቸው፤ የታጨደው ጤፍ ገና አልተከመረም፤ ነዶው ሜዳ ላይ ነው» አለኝ። ቀጥሎም «ነገ እንቅር እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

እኔም ስለ ጤፉ አንዲት ቃል ሳልናገር «ፈራህ እንዴ?» አልሁት።

ጥቂት ዝም አለና «አልፈራሁም፤ 12 ሰዓት ላይ ሽሮ ሜዳ እንገናኝ» ብሎ ዘጋው።

በማግሥቱ ማለዳ ሽሮ ሜዳ ስደርስ የሸማ ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም። ከላይ ከተራራው የቅዳሴ ድምፅ በጉሙ ውስጥ እየተቆራረጠ ይሰማል። ወዳጄ ቀድሞኝ ደርሶ ከአንድ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀምጧል። የጫማውን ማሰሪያ ከሥር ጀምሮ በየቀዳዳው እየሳበ አጠበቀው፤ ሁለት ጊዜ ቋጠረው፤ የተረፈውንም ጫፍ ወደ ውስጥ ወተፈው። እኔ ግን ከታክሲ እንደ ወረድሁ ሽቅብ መገስገስ ጀመርሁ። ማሰሪያዬንም ያሰርሁት እየሄድሁ፣ በአንድ እግሬ እየዘለልሁ ነው። ተረቱ በዚህ ላይ ትዝ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ተረት የሚታወሰው ብዙውን ጊዜ ከነገሩ በኋላ ነው።

ስለ እንጦጦ ጥቂት ልናገር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስትሆን የእንጦጦ ተራራ ጫፍ እስከ 3,200 ሜትር ይደርሳል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ሰውነት ይህን ጉድለት ለመሙላት ቀስ በቀስ ቀይ የደም ሕዋሶችን ያበዛል። አትሌቶቻችን ወደዚህ ተራራ የሚወጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሌላው ምክንያት አፈሩ ነው። አስፋልት ጉልበትን ይመታል፤ የጫካ መንገድ ግን እግርን በለስላሳው ይቀበላል።

ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት ከተማቸው በዚሁ ተራራ ላይ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ብርዱና የማገዶው እጥረት ተጨምሮበት ሰፈሩ ወደ ፍልውኃው ወረደ፤ ተራራውን ዛሬ የሸፈነው ባሕር ዛፍም ከአውስትራሊያ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባሕር ዛፉ ከተማይቱን ከማገዶ ችግር አድኗታል። ለሯጭ ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም በሥሩ ሣር እምብዛም አያስበቅልም። ዝናብ በጣለ ጊዜ አፈሩን የሚይዝ ነገር ስለማይኖር ውኃው መንገዱን ይዞ ይወርዳል። መንገዱም ቦይ፣ ቦዩም ጭቃ ይሆናል። የዛፉ ሥሮችም አፈሩ ታጥቦላቸው እንደ ተጋደመ እባብ ብቅ ይላሉ።

ወደ ጫካው እንደ ገባን ጭቃው ተቀበለን። ቀይ ነው፤ የሚያጣብቅ ነው፤ በየእርምጃው ከጫማ ሥር አንድ አንድ እንጎቻ ያህል ይጨምራል። መቶ ሜትር ሳንሄድ እግሬ የድንጋይ ያህል ከበደኝ። ወዳጄ የገጠር ልጅ ነውና ፊት ሆኖ መራ። መሮጥ ብቻ ሳይሆን ማስተማርም ጀመረ።

«እርምጃህን አሳጥር። ተረከዝህን አትትከል፤ በሙሉ እግርህ ርገጥ። ዐይንህን ከእግርህ ሥር አንሣና ሦስት እርምጃ ወደ ፊት ተመልከት። መካከሉን ትተህ የሣሩን ጠርዝ ያዝ» ይለኛል።

አደገኛ ነገር ባየ ቁጥርም ወደ ኋላ ሳይዞር በእጁ ያመለክተኛል። እጁን ወደ ቀኝ ሲወረውር ድንጋይ በቀኝ አለ ማለት ነው፤ መዳፉን ወደ መሬት ሲጫን ጉድጓድ አለ ማለት ነው። ይህን የተማርነው ከአትሌቶቹ ነው። ማለዳ እንጦጦ የወጣ ሰው አይቷቸው ይሆናል። አሥርም አሥራ አምስትም ሆነው በአንድ መስመር፣ እግር በእግር እየተከተሉ በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ ያልፋሉ። ከኋላ ያለው የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የፊተኛው ዐይን ለሁሉም ዐይን ነው። ድንጋዩን ያየ በእጁ ያሳያል፤ ተከታዩም ለሚከተለው ያሳያል። እነዚያ ሰዎች በውድድር ቀን ለአንድ ሽልማት የሚፋለሙ ናቸው። በልምምድ ላይ ግን አንዱ ሌላውን ከእንቅፋት ይጠብቃል።

ዳገቱን ወደ ማጋመሱ ስንደርስ የግራ ጫማዬ በጭቃው ተይዞ ቀረ። ማሰሪያው ተፈትቶ ኖሮ እኔ ስሮጥ እርሱ ቀረ! በካልሲዬ አራት እርምጃ ሄጄ ነው ያወቅሁት። ወዳጄ ዞሮ ቢያየኝ በሳቅ ሊሞት ደረሰ።

«አበበ ቢቂላ በሮም ሁለቱንም ነው ያወለቀው፤ አንተ በአንዱ ብቻ ምን ልትሆን ነው?» አለኝ።

እኔም ሳቅሁ፤ ለብዙ ሳምንታት እንደዚያ አብረን ስቀን አናውቅም። እርሱም ጫማዬን ከጭቃው መዝዞ በባሕር ዛፍ ቅጠል ጠርጎ ሰጠኝ። ይሁን እንጂ አንባቢ ሆይ፣ የሰው ልብ ክፉ ነው። ሳቁ ገና ከፊቴ ሳይጠፋ በውስጤ «ይህን ነገ ቢሮ ሊያወራው ነው» ብዬ አሰብሁ።

በጭቃ ላይ መሮጥ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን በዓለም ፊት ያሳዩት የእኛው ሰዎች ናቸው። በ1993 ዓ.ም. መጋቢት ወር የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር በቤልጂግ አገር በኦስተንድ ከተማ ተደረገ። ውድድሩ የታሰበው በደብሊን ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ዓመት በከብቶች ላይ በተነሣው የአፍና የእግር በሽታ ምክንያት ቦታው ተለወጠ። በኦስተንድም ሜዳው ረግረግ ሆኖ ጠበቃቸው። በዚያ ጭቃ ውስጥ የ18 ዓመቱ ቀነኒሳ በቀለ የወጣቶቹን ውድድር አሸነፈ። ጌጤ ዋሚም በረጅሙ ርቀት በእንግሊዛዊቷ በፓውላ ራድክሊፍ ብትቀደም በማግሥቱ በአጭሩ ርቀት ያችኑ ራድክሊፍን ቀደመቻት። በጭቃ ላይ ሰዓት ብዙም ዋጋ የለውም፤ በደረቅ ሜዳ ፈጣን የሆነ ሁሉ በዚያ ፈጣን አይሆንም። የሚያሸንፈው ሚዛኑን የጠበቀ ነው።

ከተራራው ጫፍ ደርሰን ጥቂት ተነፈስን። ጉሙ ተገልጦ ከተማይቱ ከታች ታየች። ወዳጄ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አባቱ አገር በኩል እያየ «እዚያ ማዶ ግን ዝናቡ ያባራ ይመስላል» አለ። እኔ ግን ሰዓቴን እያየሁ ነበር። ከዚያም «ቁልቁለቱን እኔ ልምራ» አልሁና መልሱን ሳልጠብቅ ወረድሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለመጻፍ ብዕሬ ይከብደኛል። ነገር ግን ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እርሱ ስለ ሆነ ልዝለለው አልችልም።

ያን መንገድ በምሥጢር ስለማመድበት ከርሜ ነበርና ከእርሱ ይልቅ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ በልክ ወረድሁ፤ በኋላም ጨመርሁ። የእግሩን ድምፅ ከኋላዬ ስሰማ ደግሞ ጨመርሁ። ቀላል ሩጫ ለመሮጥ የተስማማነው ሁሉ ከጭቃው ጋር ወደ ኋላ ቀረ። መንገዱ ወደ ግራ በሚታጠፍበት ስፍራ አንድ ትልቅ የባሕር ዛፍ ሥር በመንገዱ ላይ ተጋድሟል። ግማሹ በጭቃ ተሸፍኗል፤ ከሥሩ ወዲያ ደግሞ ጉድጓድ አለ። እኔ አየሁት፤ ዘለልሁትም። እጄን ግን አላነሣሁም።

ዘንግቼ ነው ለማለት ብችል ምንኛ በወደድሁ! ነገር ግን አልዘነጋሁም። እጄ ሊነሣ ሲል የከለከልሁትን እኔ ራሴ አውቃለሁ። እንዲወድቅ ፈልጌ አልነበረም፤ «ጥቂት ይደናቀፍ፣ ጥቂት ይቅር» የምትል አንዲት አጭር ሐሳብ ናት ያለፈችው። ጊዜዋ ከአንድ ሴኮንድ አይበልጥም፤ ያቺ በውድድሩ ቀን ልቀድመው የተመኘኋት አንዲት ሴኮንድ።

ድምፁን ሰማሁ። ዞሬ ሳይ ወዳጄ በጭቃው ውስጥ በጎኑ ወድቋል፤ ቀኝ እግሩን በሁለት እጁ ይዟል። ሮጬ ተመለስሁ። ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ታጥፎበት ኖሮ ዐይናችን እያየ ማበጥ ጀመረ። ለማንሣት ብሞክር የእኔም እግር እየተንሸራተተ ሁለታችንም ተመልሰን ተቀመጥን። አልጮኸም፤ አልወቀሰኝም። ያስፈራኝ ዝምታው ነበር።

በዚህ መካከል እንጨት የተሸከሙ አንዲት እናት ከላይ መጡ። በእግራቸው ያለው የተቀደደ ኮንጎ ጫማ ነው፤ ሸክማቸው ደግሞ ከቁመታቸው ይረዝማል። እኛ በደኅና ጫማና በባዶ ጀርባ የወደቅንበትን ቁልቁለት እርሳቸው ከነሸክማቸው ቀጥ ብለው ወረዱት። እርምጃቸውን አየሁ፤ አጭር ነው፤ በሙሉ እግር ነው፤ በሣሩ ጠርዝ ነው። ወዳጄ ሲያስተምረኝ የዋለውን ትምህርት እርሳቸው ያለ መምህር ያውቁታል።

«ምነው ልጆቼ፣ ማን አባረራችሁ?» አሉን።

ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። መልስም አላገኘሁለትም። እርሳቸውም ሸክማቸውን በዛፍ ላይ አስደግፈው ከእንጨቱ መካከል አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ መዘው ለወዳጄ ሰጡት። በዚህ በኩል ዘንጉን፣ በዚያ በኩል ትከሻዬን ተደግፎ እያነከሰ ወረደ። ለዘንጉ ገንዘብ ብንሰጣቸው ተቀበሉን፤ እንጨት ሸጠው የሚያድሩ ሴት ናቸውና መቀበላቸው ተገቢ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ለወጣት ሯጮች የሚጠቅም አንድ ነገር ልናገር። ወለምታ ማለት የቁርጭምጭሚትን አጥንቶች የሚያያይዙት ጅማቶች ከልክ በላይ ሲሳቡ ወይም ሲቀደዱ የሚመጣ ጉዳት ነው። ብዙዎቻችን ወዲያው ወደ ወጌሻ ሄደን እናሳሻለን። ነገር ግን አጥንት ተሰብሮ እንደ ሆነ መታሸቱ ጉዳቱን ያብሳል። ስለዚህ መጀመሪያ እግሩን ማሳረፍ፣ በጨርቅ በተጠቀለለ በረዶ ወይም በቀዝቃዛ ውኃ ማቀዝቀዝ፣ በፋሻ መጠቅለልና ከፍ አድርጎ ማኖር ይገባል። የተጎዳው ሰው አራት እርምጃ እንኳ ለመራመድ ካልቻለ፣ ወይም አጥንቱ ሲነካ የሚያመው ከሆነ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መታየት አለበት። እኛም ወደ ሐኪም ሄድን፤ አጥንቱ ደኅና ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ግን ፎቶግራፉን እያዩ «ለሦስት ሳምንት ሩጫ የሚባል ነገር የለም» አሉ። ውድድሩ የቀረው ሰባት ቀን ነበር።

እንግዲህ የተመኘሁት ሆነልኝ፤ ወዳጄን እቀድመዋለሁ። ሰኞ ቢሮ ስገባ ባልደረቦቻችን «ምን ነካው?» ብለው ጠየቁኝ። «ጭቃው ጣለው» አልኋቸው። ማክሰኞም እንዲሁ አልሁ። ረቡዕ ዕለት ግን ያቺ ቃል አፌ ውስጥ መረረችኝና ከሥራ ስወጣ ወደ ቤቱ ሄድሁ። እግሩን በትራስ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። ዘንጉ ከጎኑ በግድግዳው ላይ ተደግፏል። ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልጠበቅሁም።

«ሥሩን አይቼው ነበር። እጄን ያላነሣሁት አውቄ ነው» አልሁት።

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ጥቂት ቆይቶም «አውቃለሁ» አለኝ። «መሬቱን እኮ አላይም ነበር፤ የማየው እጅህን ነበር።»

አንባቢ ሆይ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስንኖር፣ ሳሙና ስንካፈል፣ በአንድ ደብተር ስናጠና ያልገባኝ ነገር በዚያች ቃል ገባኝ። ወዳጅ ማለት መሬቱን ትቶ እጅህን የሚያይ ሰው ነው። በዚያ ምሽት ስለ ማመልከቻዎቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጋገርን። እርሱም ደብቆኝ ስለ ነበረ ማፈሩን ነገረኝ። እኔ ግን ያፈርሁት በሚበልጥ ነገር ነበር። ይቅር ማለቱን በቃል አልነገረኝም። ስወጣ ብቻ «እሑድ እንዳትቀር፤ ለሁለት የተከፈለ ገንዘብ በአንድ ሰው እንኳ ይሩጥ» አለኝ።

እሑድ ሮጥሁ። ከመስቀል አደባባይ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ጋር ስነሣ ሳስብ የነበረው ስለ ሰዓቴ ሳይሆን ስለ አበበ ቢቂላና ስለ ማሞ ወልዴ ነበር። ሁለቱም የክቡር ዘበኛ ሰዎች፣ ሁለቱም የስዊድናዊው አሠልጣኝ የኦኒ ኒስካነን ደቀ መዛሙርት ነበሩ። በ1961 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በሜክሲኮ ከተማ በማራቶን አብረው ተሰለፉ። በሮምና በቶኪዮ አከታትሎ ያሸነፈው አበበ በእግሩ ጉዳት ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ከውድድሩ ወጣ። ማሞ ግን ቀጠለ፤ በ36 ዓመቱም በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ አንደኛ ሆኖ ገባ። የአበበ መቆም ለማሞ ስርቆት አልነበረም፤ የማሞ መቅደምም ለአበበ ሽንፈት አልሆነም። ማራቶኑ በዚያ ቀን ለሦስተኛ ጊዜ ከአንድ ቤት አልወጣም። መቅደም ኀጢአት አይደለም። ሁለት ወዳጆች ለአንድ ቦታ መወዳደራቸውም ነውር የለበትም። ነውሩ እጅን መያዝ ነው።

10 ኪሎ ሜትሩን በ54 ደቂቃ ጨረስሁ። ልቀድመው ካሰብሁት ሰው ጋር ብሮጥ ኖሮ ምናልባት ከዚያ አንስ ነበር። ከመጨረሻው መስመር ጥቂት አለፍ ብሎ ወዳጄ ያንን የባሕር ዛፍ ዘንግ ተመርኩዞ ቆሟል። ውኃ ሰጠኝና ወደ እግሬ አመለከተ። የቀኝ ጫማዬ ማሰሪያ ተፈትቶ እየተጎተተ ነበር።

የክፍል ኃላፊው ቦታ የማን እንደ ሆነ ለማወቅ የሚፈልግ አንባቢ ይኖራል። የወዳጄ ሆነ። ዛሬ የዓመት ፈቃድ ስጠይቅ የሚፈርምልኝ እርሱ ነው። ደስ አለህ ወይ ብትሉኝ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ በሙሉ አልልም፤ በሦስተኛው ቀን ግን አዎን። አባቱም ከጤፉ የተረፈውን ከምረው ወቅተዋል፤ በገና ሰሞን ሲመጡም ለእኔ ጭምር ጥቂት አምጥተውልኛል። ዝናቡ በጣለ ማታ ስለ ጤፉ ምንም እንዳላልሁ እርሳቸው አያውቁም፤ እንጀራውን ስበላ ግን እኔ አውቀዋለሁ።

ተማሪዎችና አዲስ የሥራ ሰዎች ሆይ፣ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በቅርቡ ከጓደኞቻችሁ ጋር ለአንድ ቦታ፣ ለአንድ የትምህርት ዕድል፣ ለአንድ ወረቀት ትወዳደራላችሁ። ተወዳደሩ፤ ቅደሙም። ነገር ግን ማመልከታችሁን ለወዳጃችሁ በደረቁ መንገድ ላይ ሳላችሁ ንገሩት፤ በጭቃው ላይ ለመናገር ጊዜ አይገኝም። የጫማችሁንም ማሰሪያ ከመነሣታችሁ በፊት ተቀምጣችሁ እሰሩ። ከፊት ስትሆኑም እጃችሁን አንሡ።

እኔና ወዳጄ አሁንም በየእሑዱ እንጦጦ እንወጣለን። በቁልቁለቱ ላይ የሚመራው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን «ዛሬ አንተ ምራ» ይለኛል። ከዚያ የባሕር ዛፍ ሥር አጠገብ ስንደርስ ጭቃ ቢኖርም ባይኖርም እጄን አነሣለሁ።